ያልተገኘው ግሳት

ሐምሌ 12

ለዚህ ደብተር አንባቢዎች በሙሉ፤ አንባቢው እኔ ብቻ ብሆንም።

ዛሬ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ላይ፣ በወልቂጤ ከተማ፣ በመኖሪያ ቤቴ ወጥ ቤት ውስጥ፣ ለሦስተኛ ተከታታይ ቀን ሲጠበቅ የነበረው ግሳት ሳይገኝ መቅረቱን በጥልቅ ሐዘን እገልጻለሁ። ፍለጋው በእጅ ሰዓት ተደግፎ ለአምስት ደቂቃ የተካሄደ ሲሆን ከአንድ ማዛጋት በስተቀር የተገኘ ነገር የለም። ማዛጋቱም ከጉዳዩ ጋር ግንኙነት እንደሌለው ተረጋግጧል።

ነገሩ እንዲህ ነው። የቡታጅራው ሙከሚል የኮሌጅ ጓደኛዬ ነው፤ ድሮ የሞባይል ቀፎ ይሸጥ ነበር፣ ዛሬ በቴሌግራም የጤና አማካሪ ሆኗል። ባለፈው ሳምንት ወልቂጤ መጥቶ ምሳ አብረን ስንቀመጥ ሥጋውን ከትሪው ዳር ወደ ዳር ሳመላልስ አየኝ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሀገር ምድሩ አሲድ በዛብኝ እያለ ሲያለቅስ የጥቂት ዕድለኞች ችግር ግን የአሲድ ማነስ መሆኑን ነገረኝ። አሲድ ካነሰ ሥጋ አይፈጭም፣ ሆድ ይነፋል፣ ሰው በሁለት ጉርሻ በቃኝ ይላል። መፈተኛው ቀላል ነው፤ በባዶ ሆድ ሩብ ማንኪያ የመጋገሪያ ሶዳ በውሃ በጥብጦ መጠጣት። በአምስት ደቂቃ ውስጥ ካገሱ አሲድ አለ፣ ካላገሱ የለም።

አላገሳሁም። በአማርኛ አንበሳም የጠገበ ሰውም ያገሳሉ። እኔ ከሁለቱም የለሁበትም።

ለመዝገብ ያህል፣ ሶዳውን ያነሳሁት ባለቤቴ ወርቅውሃ በገዛ እጇ «ሶዳ» ብላ ከጻፈችበት ቀይ ቆርቆሮ ነው። ውሃው እንደ ወተት ነጣ፣ ትንሽ ቆይቶ ከሥር ዘቀጠ። ሙከሚል ጨው ጨው ይላል ያለው ስህተት ነው፤ ሀገር ቤት ሀገር ቤት ነው የሚለው። ደግሞ በሦስቱም ቀን ሆዴ እስከ ምሳ ዝም አለልኝ። ምርመራው እንዲህ ካሻለኝ መድኃኒቱማ ምን ሊያደርግ ነው።

ይህ ሁሉ ስለ ሰይፉ አይደለም።

ሐምሌ 13

ትናንት ሰይፉን አንስቼ ሳላብራራ አለፍኩ። እንጀራዬ ለመሥሪያ ቤት መግለጫ መጻፍ ነው፤ ግልጽ ያልሆነ ነገር ማውጣት ለኔ የሙያ ነውር ነው። ሰይፉ ታላቅ ወንድሜ ነው። ከሞተ ሁለት ዓመት ሆነው። «ጨጓራ ናት፣ ታልፋለች» ይል ነበር። ጨጓራ አልነበረችም።

በቃ። ጉዳዩ ተዘግቷል።

ሐምሌ 15

ዕቃው በሚኒባስ ደረሰ። ነጭ ብልቃጥ፣ ሁለት መቶ አርባ ፍሬ። የሙከሚል የአክስት ልጅ ከዱባይ ያመጣችው። በትልቁ «ቤታይን ኤች ሲ ኤል ከፔፕሲን ጋር» ይላል። የቀረው ጽሑፍ ጉንዳን የሄደበት ይመስላል። አላነበብኩትም። ሰው የጉንዳን ሰልፍ አያነብም።

አወሳሰዱ፦ ከምግብ ጋር አንድ ይጀመራል። ሆድ ውስጥ ሙቀት እስኪሰማ እየተጨመረ ይሄዳል። ሙቀት ሲሰማ አንድ ተቀንሶ እዚያ ላይ ይቆማል።

ሐምሌ 16

በመጀመሪያዋ ፍሬ ሙቀት ተሰማኝ። ሙቀት ስል ፍም ማለቴ ነው። ሙከሚል በስልክ ይህ ያልተለመደ ፍጥነት መሆኑን ገልጾ፣ ሰውነቴ ቶሎ የሚገባው ተማሪ ሳይሆን እንዳልቀረ ነገረኝ። አንድ ልቀንስ ቢባል ዜሮ ሊሆን ነው። ስለዚህ ወደ ሦስት ከፍ እንድል ተወሰነ።

ሐምሌ 27

ቀበቶዬ ላይ አዲስ ቀዳዳ በሚስማር በሳሁ። አራተኛው ነው።

መሥሪያ ቤት አድናቂ በዝቶልኛል። «ሸንቀጥ ብለሃል፣ ስፖርት ጀመርክ እንዴ?» ይሉኛል። አዎ እላለሁ፣ ሩጫ። ከምን እንደምሸሽ የጠየቀኝ የለም።

ከሰዓት በኋላ ለስብሰባ ደረጃውን ስወጣ መሃል ላይ ቆሜ ስልክ የማነብ መሰልኩ። ከታች የጥበቃው ሰውዬ ለጓደኛው ሲናገር ሰማሁት። «የወንድሙ አካሄድ ነው የያዘው።»

ስለ አረማመዴ ነው። እኔና ሰይፉ ሁለታችንም ግራ እግራችንን እንጎትታለን።

ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባ። ተመስገን።

እንዲህ ዓይነት ጾመኛ ወልቂጤ አይታ አታውቅም። ሥጋ ለምን ተውክ የሚል የለም። ትንሽ ለምን በላህ የሚል የለም። ወርቅውሃ እንኳ ትሪውን ከፊቴ ስታነሳ የተረፈውን በዓይኗ ከመመዘን አታልፍም። ለአሥራ አምስት ቀን ከለላ አለኝ።

ነሐሴ 7

ሽሮ፣ ሦስት ፍሬ። ፍም። ስብሰባ። የተቋረጠ ውሃ መግለጫ ጻፍኩ። ውሃው መጣ፤ ማስተካከያ ጻፍኩ። ተቋረጠ።

ነሐሴ 10

ጨዋ ሰው ደብተር ላይ የማይጽፈውን ነገር ልጽፍ ነው። ሽንት ቤት። ጥቁር። እንደ ሬንጅ።

ከኑግ ነው። ጾም ነው፣ ኑግ ጥቁር ነው፣ የገባው ጥቁር ከሆነ የሚወጣው ነጭ ሊሆን አይችልም። ሳይንስ ነው።

ነሐሴ 13

ዛሬም። ወርቅውሃን እንደ ዘበት በዚህ ጾም ኑግ መቼ መቼ እንደሠራን ጠየቅኳት። ዘንድሮ ኑግ ቤታችን ገብቶ እንደማያውቅ ነገረችኝና ለምን ጠየቅክ አለች። ለመግለጫ ነው አልኳት።

ኑግ ሳይበሉትም ይሠራል ማለት ነው። ጠንካራ እህል ነው።

ነሐሴ 16

ፍስክ። ዶሮ ተሠርቷል። ከንጋቱ 12 ሰዓት ላይ ቡታጅራ አስቸኳይ ስልጠና እንዳለብኝ አስታወስኩ። ወርቅውሃ «በበዓል?» አለች። ስልጠናው ስለ በዓል አከባበር ነው አልኳት። የውሸት ጥራት እየወረደ መሆኑን እኔም አውቃለሁ።

ቡታጅራ ስደርስ ሙከሚል በእህቱ በሩፋይዳ መድኃኒት ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሩፋይዳ ፋርማሲስት ናት፤ ከወንድሟ ጋር አንድ ቤት አድገው እንዴት እንዲህ እንደተለያዩ ለጥናት የሚሆን ነገር ነው። ብልቃጡን ከኪሴ ሳወጣ ተቀበለችኝና የጉንዳኑን ሰልፍ መነጽሯን አውልቃ ማንበብ ጀመረች። ከዚያ ወንድሟን አየችው።

«ፔፕሲኑ ከምን እንደተሠራ አንብበሃል?»

ሙከሚል በኩራት ከፖርሳይን ነው አለ። የታወቀ ፋብሪካ ነው፤ በቻናሉም «ጥራቱ የተመሰከረለት የፖርሳይን ምርት» እያለ ለሁለት ወር አስተዋውቋል።

«ፋብሪካ አይደለም። አሳማ ነው። የአሳማ ጨጓራ።»

ሙከሚል አስተግፊሩላህ ብሎ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ደግሞ ሱሪውን አየ። ራሱም ከቁርስ በኋላ ሁለት ሁለት ይወስድ ነበርና። እኔ ደግሞ በሆዴ ሒሳብ ጀመርኩ። ፍልሰታን ሙሉ ቅቤ የነካው ድስት እንዳይነካኝ ስጠነቀቅ ከርሜ፣ በየቀኑ ስድስት ስድስት ፍሬ አሳማ ውጫለሁ። አንድ እስላምና አንድ ክርስቲያን በአንድ ዓይነት ብልቃጥ አብረው ሲረክሱ በታሪክ የመጀመሪያዎቹ ሳንሆን አንቀርም።

ሩፋይዳ አልሳቀችም። የወንድሟ ስም በዐረብኛ «ማሟያ»፣ ልክ እንደዚህ ብልቃጥ፣ ማለት እንደሆነ፣ አባታቸው ገና ሲወለድ እንዳስጠነቀቋቸው ነገረችኝ። ከዚያ ወደ ጎን ወስዳኝ ስንት ኪሎ እንደቀነስኩ፣ ስቆም ያዞረኝ እንደሆነ፣ ወደ ኋላ የሚወጣው ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ጠየቀችኝ። ኑግ አልኳት። ጥቂት አየችኝ።

«ጋሽ ተረፈ፣ አሳማውን ይተዉት። አሳማው ትንሹ ችግርዎ ነው። ሆስፒታል ሄደው ጨጓራ የሚያየውን ካሜራ ይዋጡ፤ ዛሬ ካልሆነ ነገ።»

ከመስቀል በኋላ አልኳት። ሰይፉ ካሜራውን የዋጠ ጊዜ ውጤቱን የተቀበልኩለት እኔ ነኝ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከትቼ ከሆስፒታሉ በር እሱ እስከቆመበት ያለውን ሃያ እርምጃ አውቀዋለሁ። ይህን ለሩፋይዳ አልነገርኳትም። ለደብተሩም ልነግረው አላሰብኩም ነበር።

ነሐሴ 19

ብልቃጡ ሽንት ቤት ገባ። ልብ ይባል፣ ጥቁሩ ነገር አላስተወኝም፣ ማዞሩ አላስተወኝም፣ አሳማው አስተወኝ። ሃይማኖተኛ ሰው መሆኔን የሚጠራጠር ካለ ይህን ገጽ ያንብብ።

የንስሐ አባቴ ጉዳዩን በእርጋታ ሰምተው፣ ሳላውቅ ያደረግኩት መሆኑን አይተው አርባ ስግደት ሰጡኝ። በዘጠነኛው ላይ ኮከብ አየሁ። ራእይ መስሎኝ ደስ አለኝ። በአሥረኛው ምንጣፉ ላይ ተቀምጬ ቀረሁ።

ነሐሴ 26

ሙከሚል ለካሳ የአፕል ኮምጣጤ ላከ። ለእስላምም ለክርስቲያንም ለጾምም ለፍስክም ይሆናል። ጠዋት ሁለት ማንኪያ።

ከፍም ወደ ምላጭ አድገናል።

ጳጉሜን 4

ለእንቁጣጣሽ ሰበብ አለቀብኝ። ጽጌ ጾም ከመስቀል በኋላ ነው የሚገባው። ይህን አቆጣጠር ያወጣው ሰው እኔን አላማከረኝም።

መስከረም 4

እናቴ ከቸሃ ደወለች። እሷ ስልክ ላይ ሰላምታ አታበዛም፤ ካርዱ ሳይሆን ጆሮዋ የሚያልቅባት ይመስላታል።

ባለፈው ዓመትና ከዚያ በፊት፣ በሐዘን ምክንያት፣ የመስቀሉን የመጀመሪያ ጉርሻ ማንም ሳይቀበል ቀርቷል። በቤታችን ደንብ እናት የክትፎውን የመጀመሪያ ጉርሻ ለታላቁ ልጇ ትሰጣለች፤ እሱ ሳይውጥ ሌላው እጁን አይሰድም። ዘንድሮ ሐዘኑ ወጥቷል፣ ታላቁ አንተ ነህ፣ ተዘጋጅ አለችኝ።

እንዴት ነው ለጉርሻ የሚዘጋጀው?

ሰይፉ በመጨረሻው መስቀል ጉርሻዋን ተቀብሎ ወጥቶ ሄደ። ስልክ መጣልኝ ብሎ ነበር። የቸሃን ኔትወርክ ሰበብ ሲያደርግ ያመንነው እኛ ነን። ቤቱ ውስጥ ሃያ ሰው ነበርን።

መስከረም 8

ወርቅውሃ ሱሪዬን ሳትጠይቀኝ አጥብባዋለች። ጠዋት ስለብሰው ልክ ሆነ። ትዳር ማለት አንዳንዴ የስፌት ሥራ ነው።

መስከረም 13

ነገ ቸሃ። ተለማመድኩ። መስታወት ፊት ጉርሻ መጉረስ፣ ፈገግ ማለት፣ እስከ አሥር መቁጠር። በባዶ አፍ ጥሩ ይሄዳል።

መስከረም 14

ከወልቂጤ ስንወጣ ሚኒባሱ ውስጥ ጉልበት በእጅ ላይ፣ በግ በሽንኩርት ላይ ተደራርበን ነበር። የመጣው ሰው ሁሉ፣ ከአዲስ አበባም ከየትም፣ ለመብላት ነው የሚመጣው። እንደ ተከሳሽ የሚጓዘው እኔ ብቻ ነኝ።

ማታውን የጎመን ክትፎ ነበር። ጎመን አይከዳም፤ ሦስት ጉርሻ ገባልኝ። እናቴ በላህ ወይ አላለችኝም። ከሣህ ወይ አላለችኝም። የሄድኩበት ሁሉ ግን የሆነ ሥራ ታገኛለች።

መስከረም 15

(ተጋድሜ ነው የምጽፈው። የሚነበበውን ያህል።)

በኛ ደንብ የመስቀሉ በሬ በ15 ነው የሚታረደው፤ ታረደ። ክትፎው በኮባ ቅጠል ቀረበ። እናቴ ቆመች፣ ሁሉም እጁን ሰበሰበ። ጉርሻው የልጅ ጭንቅላት ያክላል ብል አጋነንኩ፤ የትልቅ ሎሚ ያህል ነበር። ጎረስኩ። ዋጥኩ። ፈገግ አልኩ። እልልታ ሆነ፤ ሃያ እጅ ወደ ቅጠሉ ተሰደደ።

እስከ ሰባት ቆጠርኩ። ስልክ መጣልኝ አልኩና ወጣሁ።

ከጓሮው እንሰት መሃል ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተንበርክኬ አስመለስኩ። የወጣው ክትፎ ብቻ አልነበረም። የተፈላ ቡና አተላ የሚመስል ነገር ነበር፣ ብዙ። በአፈር ልሸፍነው እየዳህኩ ሳለ እግር አየሁ። የእናቴ እግር ነው። ከኔ ቀድማ ነው እዚያ የቆመችው።

ያለችው በጉራጊኛ ነው፤ በአማርኛ ስጽፈው ክብደቱ ይቀንሳል።

«ሰይፉ እዚሁ እንሰት ሥር ነበር የሚተፋው። አየሁት። መስቀል ነው፣ ሰው አለ ብዬ ዝም አልኩ። አሁን ዝም አልልም።»

ነገ እሄዳለሁ አልኳት።

«ካንተ በፊት ሦስት ቀብሬ ነው ተረፈ ያልኩህ። ስምህን አታስዋሸኝ። ተነስ።»

ከዚያ ወደ ቤቱ ዞራ በዚያ ዕድሜዋ እንደ ሰንጋ ጮኸች። ሃያውም ሰው ቅባታም እጁን ይዞ ወጣ። እኔ በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ተጋደምኩ፣ ራሴ የወርቅውሃ ጭን ላይ ሆነ። መንገዱን ሁሉ ስለ ሰበቦቼ አልጠየቀችኝም። እጇ ግን ከግንባሬ አልተነሳም።

መስከረም 18

ሆስፒታል። ደም ተሰጠኝ፣ ሁለት ከረጢት። አንደኛው የአጎቴ ልጅ ነው፣ ሁለተኛው የማላውቀው ሰው። ካሜራውን ዋጥኩ። ከጉርሻው ይቀልላል፤ ይህን ለሕዝብ ማሳወቅ ያስፈልጋል።

ቁስል ነው። የሚደማ ቁስል፣ ኤች ፓይሎሪ ከሚባለው ባክቴሪያ ጋር። ሐኪሙ አሲዴ ማነሱን ከየት እንዳመጣሁት ጠየቀ። የግሳቱን ምርመራ ነገርኩት። አመነም አላመነም፣ አሲድ ጎድሎኝ እንደማያውቅና ቁስል ላይ ለሁለት ወር አሲድ ስጨምር እንደከረምኩ አስረዳኝ። ሰይፉን የገደለው ዓይነት ዕጢ አለመሆኑን ለማረጋገጥ ከቁስሉ ጫፍ ቆንጥሮ ላቦራቶሪ ልኳል። ለማረጋገጥ የሚለውን ቃል ሲናገር ዓይኑን ከወረቀቱ አላነሳም። እኔ ይህን ዓይነት ዓረፍተ ነገር ስጽፍ ነው የምኖረው።

ሳምንት ይፈጃል።

መስከረም 20

ሙከሚል ከሩፋይዳ ጋር መጣ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ አለቀሰ። ሩፋይዳ ስለ ኮምጣጤው ገና አሁን መስማቷን ነገረችው፣ እንዴት እንደነገረችው ግን ከአልጋ ሕሙማን ክብር አንጻር አልጽፈውም። በቻናሉ ላይ የሚወጣ ማስተካከያ እንድጽፍለት ለመነኝ። ክንዴ ላይ ጉሉኮስ ተሰክቶ ጻፍኩለት። ሙያ ነው።

መስከረም 23

ለስላሳ ምግብ ተፈቀደልኝ። ወርቅውሃ ገንፎ ይዛ መጣች፣ ቀጭን፣ ነጭ፣ ጣቷን እየነከረች አቀዘቀዘችው። የመጀመሪያውን ማንኪያ ስቀምስ ምላሴ አወቀው። ሀገር ቤት ሀገር ቤት ይላል።

ከቦርሳዋ ደግሞ ቀዩን ቆርቆሮ አወጣች፤ ለነገ የሚሆን ቀርቷል ብላ። ሶዳ ልታበዪኝ ነው አልኳት።

ሳቀች፣ ከዚያ ሳቋ ተቋረጠ። የእንሰት ቡላ ነው አለች። ከግንቦት ጀምሮ ሳህን ስመልስ አይታ፣ ለክፉ ቀን ብላ ከእናቴ አስልካ ያስቀመጠችው።

ሶዳ ብለሽ ለምን ጻፍሽበት አልኳት።

«ሰይፉ መጨረሻ ላይ የሚወርድለት ቡላ ብቻ ነበር። ቤት ውስጥ ቡላ ካየህ ምን እንደምታስብ አውቃለሁ። ሶዳ ደግሞ በዕድሜህ ነክተህ አታውቅም፤ እዚያ አያየውም አልኩ።»

ስለ ሦስቱ ጠዋቶች ነገርኳት። በሰዓት ቆጥሬ ቆሜ ግሳት መጠበቄን፣ ያም ሳይመጣ ቀርቶ እዚህ መድረሴን። እጇን አፏ ላይ አደረገች። ትስቅ ይሁን ታልቅስ ለረጅም ጊዜ አላወቅኩም፤ እሷም ያወቀች አይመስለኝም።

መስከረም 26

ውጤቱን ወርቅውሃ ናት የተቀበለችው። በመስኮት አየኋት። ወረቀቱን አላጠፈችውም። በሁለት እጇ ዘርግታ እንደያዘችው፣ እየሳቀች ግቢውን በሩጫ አቋርጣ መጣች።

መስከረም 27

ማስተካከያ

በዚህ ደብተር በሐምሌ 12 ዕለት «ግሳት ሳይገኝ ቀርቷል» ተብሎ የተገለጸው፣ ቡላ የማያስገሳ መሆኑ ግምት ውስጥ ሳይገባ የወጣ ስለሆነ «የባለቤቴን ቡላ ሦስት ጠዋት ጠጥቼ ተሻለኝ» በሚል፤ በነሐሴ 10 እና 13 «ኑግ» የተባለው «ደም» በሚል፤ እንዲሁም በሐምሌ 12 መጨረሻ ላይ «ይህ ሁሉ ስለ ሰይፉ አይደለም» የተባለው «ይህ ሁሉ ስለ ሰይፉ ነው» በሚል ተስተካክሎ ይነበብ።